ጆግ ውስጥ የቆመው ቅርንጫፍ

ጎረቤታችን ፍሬ ከመልቀሟ በፊት ዛፏን ታስፈቅዳለች። ቀልዴን አይደለም። ሜልበርን ዳር፣ ሴንት አልባንስ ውስጥ የእኛን ጓሮና የእሷን ጓሮ የሚለየው አንድ ያዘመመ የእንጨት አጥር ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ማንም ያልተከለው፣ በራሱ ጊዜ የበቀለ የኤልደር ዛፍ አለ። የአማርኛ ስም ያለው አይመስለኝም። ማርች ሲገባ ከቁንዶ በርበሬ ትንሽ ከፍ የሚል ጥቁር ፍሬ በዘለላ በዘለላ ይንጠለጠልበታል፤ ቅርንጫፎቹ ከክብደቱ የተነሳ ወደ እኛ ጓሮ ያጎነብሳሉ፣ የምናወራውን የሚያዳምጡ ይመስል።

ጎረቤታችን ሰማንያ ዓመት ያለፋት፣ ሕፃን ሆና ከፖላንድ የመጣች ሴት ናት። እናቴ ይህን ብታነብ «ትልቅ ሰው አንቺ ይባላል?» ማለቷ አይቀርም፤ ግን እኛ የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንቱታ ቢጎድልባት አታውቀውም።

ዘንድሮ ወደዚያ ጓሮ የወሰደኝ የእትዬ ሳል ነው። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናቴን ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው፣ አባቴ ሳይቀር፣ እትዬ ነው የሚላቸው። ለሦስት ወር ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጡ፤ በሁለተኛው ሳምንት ጉንፋን ያዛቸው። የሜልበርንን አየር ታውቁታላችሁ፦ ጠዋት ያቃጥላል፣ ከሰዓት ሹራብ ያስፈልጋል። እናቴ ሐኪም ቡክ አድርጋ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ዕረፍት ያድርጉ፣ ውሃ ይጠጡ ብሎ ሸኛቸው።

«ለዕረፍትና ለውሃ ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት?» አሉ እትዬ መኪና ውስጥ። «ደግሞ ይሄ ጉንፋን አይደለም፤ ምች ነው። አንድ እፍኝ ዳማ ከሴ ባገኝ በሁለት ቀን ይለቀኝ ነበር።»

ዳማ ከሴ እንዴት እንደሚሠራ አሳይተውኛል፣ በባዶ እጃቸው፣ ቅጠሉ ያለ አስመስለው። እርጥቡን ቅጠል ታሸዋለሽ፣ በጨርቅ ትጨምቂዋለሽ፣ አረንጓዴውን ጭማቂ ሻይ ላይ ጠብ ታደርጊና ትጠጫለሽ። እሳት አያገኘውም። «እዚህ አገር ግን» አሉ በመስኮት እያዩ፣ «ቅጠሉ ሁሉ ለዓይን ብቻ ነው።»

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«ያ ሳል የማነው?»

«የአክስቴ።»

«ደረቅ ነው፣ ወይስ አክታ አለው?»

«እኔ እንጃ። ጮክ ያለ ነው።»

«እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አለችና ቅርጫቷን አነሳች። «ነይ። ሽሮፕ እንሠራለን።»

ዛፉ ሥር ስንደርስ መዳፏን ግንዱ ላይ አድርጋ በፖላንድኛ አንድ ነገር ተናገረች። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆመች። ስልክ ላይ ሰው እስኪያነሳላት እንደምትጠብቅ ዓይነት ነበር አቋቋሟ። እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ያዝኩ። እነዚያ ሁልጊዜ ፍሬው ላይ የሚጣሉት ወፎች እንኳ ጸጥ ብለው ነበር። ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ባዶ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ዞረች።

«ዛሬ እምቢ አለች።»

«ማን?»

«ውስጡ ያለችው። ነገ እንሞክራለን።»

ሱቁ ተዘግቷል እንደሚባለው ነው ያለችው፤ በቃ፣ ምንም ሳይመስላት። የክንዴ ፀጉር ቆመ። እውነቱን ልናገርና፣ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዓርብ እንደገና ሄድኩ። እንደገና መዳፏን አስደገፈች፣ እንደገና ጠበቅን። ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከላይ አንዲት ዘለላ ብቻዋን ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። «አመሰግናለሁ» አለች ጎረቤታችን በእንግሊዝኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል። ከዚያ መቀሱን ሰጠችኝ።

ኩሽናዋ ውስጥ ፍሬውን በሹካ ከጭራሮው እያራገፍን ሳህን ውስጥ ጣልነው። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ ነው። አረንጓዴውን ፍሬ እየለየች አወጣች፣ ቀጭኗን ጭራሮ ሳይቀር በጣቷ እየፈለገች አወጣች። ከውሃ፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር በድስት ጣድነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድስቱ ውስጥ የነበረው ነገር ቀይ አይደለም፣ ሐምራዊ አይደለም፣ ጥቁርም አይደለም። ስናጠልለው ነጩን ጨርቅ እንደ ቁስል ማሰሪያ አደረገው። እጄን ታጥቤ ታጥቤ አልለቀቀኝም።

በዚያው በእቃ ማጠቢያው አጠገብ እጅጌዬን ይዛ አስቆመችኝ።

«ስሚኝ። ቅጠሉ መርዝ ነው። እንጨቱ መርዝ ነው፣ ሥሩም። ፍሬው ራሱ ጥሬውን ከተበላ ሆድ ያገለብጣል። መድኃኒት የሚያደርገው እሳት ነው። ለቤትሽ ሰዎች ንገሪያቸው።»

«እሺ» አልኩ።

ማር አልነበራትም፤ ለነገሩ ማር የሚጨመረው ሲቀዘቅዝ ነው። ድስቱን ሰጠችኝና ነገ ማር ገዝቼ እንድቀላቅልበት ነገረችኝ፤ እሷ ቅዳሜና እሁድን ፖይንት ኩክ ልጇ ዘንድ ልታሳልፍ ነበር። ድስቱን ፍሪጅ ካስገባሁ በኋላ ወደ ጓሮ ወጣሁና በአጥሩ ላይ ከተንጠለጠለው አንድ ቅርንጫፍ ሰበርኩ። ለማሳየት ነው፤ ቅጠሉም ፍሬውም ያምር ነበር። ሲሰበር ድምፅ አላሰማም። ውስጡ እንደ አጥንት መቅኔ ነጭና ለስላሳ ነው። ጆግ ውስጥ ውሃ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት።

በእራት ሰዓት ሁሉንም ተረኩላቸው። የጎረቤታችንን ድምፅ አወጣሁ፣ አንገቴን ዘንበል አደረግሁ፣ ዘለላዋ ስትወዛወዝ ጣቴን አወዛወዝኩ። እናቴ ሹካዋን አስቀምጣ ሳቀች። እትዬ ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው በራ።

«አድባር ናታ!» አሉ። እሳቸው ባደጉበት አገር እንዲህ ያለውን ዛፍ አድባር ይሉታል፤ ቅቤ ይቀባል፣ ቅርንጫፉን የሚነካው የለም። «ታዲያ አንቺ አስፈቅደሽ ነው የሰበርሽው?»

«ወደ ጓሯችን የገባው የእኛ ነው፣ እትዬ።»

«አድባር አጥር አታውቅም» አሉ፤ አሁን ሳቁ፣ ሳቁም ሳል ሆነባቸው።

«ኧረ ባካችሁ፣ ዛፍ ማምለክ ቤቴ አታስገቡብኝ» አለች እናቴ።

ያንን ምሽት እንዴት እንደወደድኩት! ሁለቱም እኔን ብቻ ነበር የሚያዩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ በእቃ ማጠቢያው አጠገብ ከተባልኩት በቀር። ረስቼው አልነበረም። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ዘለላዋ በተወዛወዘችበት ላይ ስለ ሆድ መገልበጥ ባወራ ታሪኩ የሚበላሽብኝ መሰለኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ቅዳሜ እናቴ በማለዳ ወደ ሺፍቷ ሄደች፤ አባቴ የጭነት መኪናውን ይዞ አዴሌድ ነበር። እኔ በባስ ገበያ ሄጄ ማርና ጠርሙስ ገዛሁ። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ በሩን ከፍቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ታወቀኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቆየሁ። ሳሉ የለም። ያን ያህል ቀን ሲያስል የሰነበተ ቤት ዝም ሲል ዝምታው ራሱ ሰው ይመስላል።

ጠረጴዛው ላይ ቅርንጫፉ ጆጉ ውስጥ እንደቆመ ነው። ራቁቱን። አንዲት ቅጠል የለችውም። ፍሬው በሙሉ አለ፣ ያልተነካ፣ ጥቁር፤ ቅጠሉ ብቻ ተለቅሞ አልቋል። አጠገቡ ሙቀጫው፣ አረንጓዴ የጠጣ ጨርቅ፣ አንድ ባዶ ሲኒ። ሽታው የከረመ ዘይት ይመስላል።

«እትዬ!»

«አትጩኺ፣ እዚህ ነኝ።» አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ጠጣሁት። ፍሬው ለሳል ከሆነ ቅጠሉማ ይብሳል። እንዲህ የሚሸት ቅጠል መድኃኒት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«እትዬ፣ ቅጠሉ መርዝ ነው።»

ከትራሱ ቀና አሉ። «ማን አለ?»

«እሷ ናት ያለችው። ትናንት።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ይህ ከስድብ ይብሳል።

ወደ መርዝ መረጃ መስመር ደወልኩ። ያነሳው ሰው ድምፁ እርጋታ አለው። ምን ያህል? መቼ? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ቅጠሉን ለመገመት ተመልሼ ራቁት የቀሩትን ዘንጎች ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። አፋቸውን ይጉመጥመጡ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጎንጩ፣ ለማስመለስ አታስገድጃቸው፣ መስመሩን አትዝጊ አለኝ። ማስገደድ አላስፈለገም። ባልዲውን ይዤ ጀርባቸውን ደገፍኩ። የወጣው ሁሉ አረንጓዴ ነበር።

ከዚያ ጋብ አለላቸው። ትራሱ ላይ ተመልሰው ከትከሻዬ በላይ ወደ በሩ ተመለከቱ።

«ቁጭ በይ እንጂ» አሉ፣ ለእንግዳ በሚባልበት ድምፅ። «ለምን ቆመሽ ትቀሪያለሽ?»

«ተቀምጫለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«አንቺን አላልኩም።»

ከኋላዬ ያለው በሩ ብቻ ነው። ክፍት ነው። መዞር ነበረብኝ፤ አልዞርኩም። አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ያረፈ መሰለኝ፣ እጅ ቢሆን እንኳ ከዚያ በላይ አይቀዘቅዝም። በስልኩ ውስጥ ሰውዬው ግራ የመጋባት ምልክት አለባቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

የለም ልለው ነበር። እትዬን ሰዎች መጥተው እንዳይወስዱብኝ፣ ደግሞ አዎ ያልኩት እንደሆነ ከኋላዬ ያለው ነገር እውነት እንዳይሆን። ከዚያ «እዚህ ከሌለ ሰው ጋር እያወሩ ነው» አልኩት። ወዲያው አምቡላንስ ላከ።

«አምቡላንስ?» አሉ እትዬ ቃሉን ሰምተው። «ገና አልሞትኩም እኮ!»

«ለሕያዋንም ይመጣል፣ እትዬ።»

«በዚህ ቀሚስ አልሄድም፤ ያንን ሰማያዊውን አምጪልኝ።»

ሆስፒታል ውስጥ በክንዳቸው ግሉኮስ ተሰክቶ እስከ ማታ አቆዩአቸው። ሐኪሟ ጭማቂው ትንሽ መሆኑና መውጣቱ ጠቅሟቸዋል፣ ልባቸውም ደህና ነው አለች፤ ያዩት ነገር ሰውነታቸው ውሃ ስላጣ ሊሆን ይችላል አለች። እኔ እትዬን ማንን እንዳናገሩ ጠየቅኳቸው።

«ካንቺ ጋር የገባችውን ነዋ። ጥቁር መሀረብ ያሰረችውን። ምነው፣ ጎረቤታችሁ አይደለችም?»

ጎረቤታችን ፖይንት ኩክ ነበረች። መሀረብም አታስርም። ይህን አልነገርኳቸውም፤ የደወልኩላት እናቴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች ገባች።

«ቅጠሉ መድኃኒት ነው ያላቸው ማነው?»

«ማንም አላለኝም» አሉ እትዬ። «ራሴ ቀንጥሼ ራሴ ጠጣሁ። ልጅቷን ተያት።»

«አውቅ ነበር» አልኩ። «መርዝ መሆኑን ነግራኛለች። ንገሪያቸው ብላኛለች። ታሪኩ ይበላሻል ብዬ ዘለልኩት።»

እናቴ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእትዬን እግር በብርድ ልብሱ ሸፈነች፣ የተሸፈነውን እንደገና ሸፈነች። «እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው» አለች፣ ፊቷን ወደኔ ሳትመልስ።

እሁድ ጠዋት ሳሉ ተመልሶ ነበር። እናቴ ድስቱን ከፍሪጅ አውጥታ ልትደፋው እቃ ማጠቢያው ላይ አዘነበለችው።

«ተይ!» አሉ እትዬ ከሶፋው ላይ። «የተቀቀለ ነው?»

«ግማሽ ሰዓት» አልኩ።

«ጭራሮ አለበት?»

«አንድም የለበትም። በጣት ነው የለቀምነው።»

«ማሩስ?»

«አልገባም። ሲቀዘቅዝ ነው የሚገባው።»

«ሌላ ያልነገርሽን ነገር አለ?»

አሰብኩ፣ ከልቤ አሰብኩ። «ሥሩም መርዝ ነው። አረንጓዴው ፍሬም አይሆንም። በቃ፣ ይኸው ነው።»

እትዬ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ማሩን ጨምሪ፤ ቀምሰሽ ስጪኝ።»

ጠላ የሚቀዳ ሰው እንግዳው ፊት መጀመሪያ በመዳፉ ቀምሶ እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ በሠርግ አይቻለሁ፣ ሁልጊዜ እንደ ጨዋታ ነበር የሚታየኝ። ማሩን አማሰልኩ። መዳፌን ጎድጎድ አድርጌ አንድ ማንኪያ አፈሰስኩበት፤ ጥቁር ሆኖ ተንቀጠቀጠ፤ የኩሽናው መስኮት ገባበት፣ ፊቴም ገባበት። ጠጣሁት። ይጣፍጣል፣ ከዚያ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ትንሽ ብረት ብረት ይላል።

ማንኪያውን ሞልቼ ለእትዬ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«አስቀምጪው። አንድ ሰዓት እንይሽ።»

እናቴ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እትዬ በሶፋው ላይ ቀና አሉ። ሁለቱም ዓይኔን፣ ከንፈሬን፣ ግንባሬን ይመለከቱ ነበር፤ እኔም የራሴን ሆድ አዳመጥኩ፣ አንድ ሰው ውስጤ ገብቶ የሚሄድ ይመስል። ሳላስበው እጄን ብድግ ባደርግ ሁለቱም አብረው ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። የግድግዳው ሰዓት እንዲህ እንደሚጮኽ አላውቅም ነበር። በመሀል እናቴ ተነስታ ግንባሬን ነካች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሰዓቱ ሲሞላ እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። ማንኪያውን ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ ጠጡት።