ግራዝማች አጎቴና የጦረኛው ሱቅ

ያቺ ቀልድ ምንም አታስወጣኝም ብዬ ነበር፤ የዚያን ቀን ምሳ እንኳ የከፈልኩት እኔ አይደለሁም። ያስከፈለችኝ የእናቴን ወንድም ነው።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለችው የበርበሬና የቅመም ሱቄ ትይዩ የጃፓን ምግብ ቤት ሊከፈት ነው። መስታወቱ ላይ ፀጉሩን አናቱ ላይ የቋጠረ፣ ሁለት ጎራዴ የታጠቀ ጦረኛ ለጥፈዋል። ደንበኛ ሲጠፋ እሱን አያለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ደንበኛ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ በርበሬውም ኦንላይን ገብቷል፣ ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ፓርኪንግ የት እንዳለ ለመጠየቅ ነው። ጉልበቴም ደክሟል። ተቀምጬ ጦረኛውን ሳይ በሃያ ስድስት ዓመቴ የሠራሁት ነገር ይመጣብኛል።

ያኔ ገና ስደተኛ ሳለሁ ቫን ናይስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርትማ ነበረችኝ። አጎቴ ግራዝማች ታፈሰ ከመሬታቸውም ከዳኝነታቸውም ተነቅለው፣ በሱዳን በኩል ዞረው እኔ ዘንድ አረፉ። በአገራቸው ሳሉ የተጣላ ሰው ሁሉ እሳቸው ፊት ይቆም ነበር። እዚህ ፊታቸው የሚቆመው የእኔ ቴሌቪዥን ብቻ ሆነ። አንድ ቀን የሟች ባለቤታቸውን የወርቅ አምባር ሸጠው መጡና ገንዘቡን እጄ ላይ አኖሩት። "እንግዲህ ሸሪክህ ነኝ" አሉ። እኔ ቅዳሜና እሑድ ድሮ ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ፊልም ያይበት የነበረ ሜዳ ላይ ካልሲ፣ መነጽርና ቀበቶ እሸጥ ነበር። እምቢ እንዴት ይባላል?

ጥቅምት ነበር፤ ከበረሃ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ከንፈር የሚሰነጥቅበት ወቅት። አጎቴ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወንበራቸው ላይ ይሰየማሉ። ዋጋ የተከራከረውን ሰው ቀበቶውን ከእጁ ይቀሙታል።

"ግራዝማች፣ ዕቃውን ትንሽ ያሞግሱት እንጂ!"

"ቀበቶ ነው። ምን ብዬ ላሞግሰው? ሱሪ ይይዛል።"

"ኦኬ፣ ቢያንስ ገዢ ሲመጣ ብድግ ይበሉ።"

"ማን ሞቶ?"

አንዲት ሜክሲኳዊት ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ሰላም ብትላቸው፣ ስድስት ጥንድ ካልሲ በነጻ ሸለሟት።

ከጎናችን ሚስተር ናካይ የሚባሉ ጃፓናዊ ሽማግሌ በሸክላ የተተከሉ ድንክዬ ዛፎች ይሸጡ ነበር። አጎቴ ዞር ባሉበት አንድ እሑድ ሚስተር ናካይ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝና "ሰውዬህ አያቴን አስታወሱኝ" አሉ።

አያታቸው ጦረኛ ነበሩ። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የጃፓን መንግሥት ተለወጠና አዲሶቹ ሹማምንት አገሩን እንደ ፈረንጅ አገር እናድርገው ብለው ተነሱ። ፀጉር ቁረጡ፣ ኮት ልበሱ፣ የበሬ ሥጋ ብሉ ተባለ። ጎራዴ መታጠቅ ተከለከለ። ለጦረኛ በየዓመቱ ይሰፈርለት የነበረው ሩዝ ቀረና በምትኩ መንግሥት ወደፊት እከፍላለሁ የሚልበት ወረቀት ታደለው። አያትየው ወረቀቱን ሸጠው የጣፋጭ ሱቅ ከፈቱ። የክት ካባቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ፤ ገዢው ቀድሞ እጅ ካልነሳ አይሸጡለትም፤ ዋጋ የጠየቀውን "ርቦህ ቢሆን አትጠይቅም ነበር" ብለው ያባርሩታል። ሱቁ ክረምቱን አልተሻገረም። እንዲህ ያለው ከሳሪ ከመብዛቱ የተነሳ "የጦረኛ ንግድ" የሚል መተረቻ ወጣ።

"ከዚያ ግን" አሉ ሚስተር ናካይ፣ "አዲስ የተከፈተው ትምህርት ቤት አስተማሪ ቸገረውና አያቴን ጠራቸው። አመሻሽ ላይ ለገበሬዎቹ ጋዜጣ ያነቡላቸው ነበር። ሕዝቡ ፓርላማ ይቋቋምልን ብሎ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ የመንደራችንን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ሰው ሳይጠየቅ እጅ ይነሳቸው ጀመር።"

ግሩም ታሪክ ነው። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ ከዕቃው ላይ ቶሎ የሚሸጠውን ብቻ ነው የማየው።

በማግስቱ እኔና አጎቴ ፌርፋክስ ላይ ምሳ ልንበላ ገባን። ያን ጊዜ ሰፈሩ የእኛ ነው የሚያሰኝ ስም አልነበረውም፤ ሁለት ሦስት የአበሻ ምግብ ቤት ብቻ። ጥብሱ እየተንጨረጨረ ቀረበ፤ ጠረጴዛው በታክሲ ነጂዎች ተሞልቷል። አጎቴ ይማሩበታል ብዬ የጦረኛውን ሱቅ አወራሁ። አወራሁ ብቻ አይደለም፣ ተወንኩት፤ አቀማመጡን፣ ካባውን፣ ቁጣውን።

"አንተ ሰይፉ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ እዚሁ ሜዳው ላይ ካልሲ ይሸጣል!" አለኝ አንዱ ነጂ ወደ አጎቴ እያየ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

አጎቴም ፈገግ አሉ። ከዚያ የያዙትን ጉርሻ አስቀምጠው "ከዚያስ ሰውየው ምን ሆኑ?" ብለው ጠየቁኝ። ለራሳቸው እንደሚጠይቁ ገብቶኝ ነበር። ግን ሳቁ ገና አላለቀም፣ እኔም ልጨርሰው አልፈለግሁም።

"ምን ይሆናሉ፣ ከሰሩ!" አልኩ።

እጃቸውን ታጥበው የሁላችንንም ሒሳብ ከፈሉ። በማግስቱ ሻንጣቸውን ይዘው የቤቴ በር ላይ ቆሙ። "የአምባሩ ገንዘብ ላንተ ይሁን፤ ኪሳራውን እኔ እይዘዋለሁ" ብለው ግሌንዴል ወዳለ ዘመድ ሄዱ።

ቆይቶ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ እንደተቀጠሩ ሰማሁ። ለመሄድ እስከ ሰኔ ፈጀብኝ። ጉም በሸፈነው ማለዳ ድራይቭ አድርጌ ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቆም አዩኝ። ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

"ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?"

"ግራዝማች፣ ታሪኩ እኮ አላለቀም ነበር። ሰውየው በኋላ..."

ከኋላዬ ጥሩምባ ተነፋ። አጎቴ ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሱኝና በሩን ከፈቱልኝ። ያን አክብሮት የሚያህል ስድብ ከዚያ ወዲህ ገጥሞኝ አያውቅም።

በኋላ በኋላ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪክ ሲካካድ፣ ከተማው ሁሉ "ግራዝማች ይጠሩ" ማለት ጀመረ። በዕረፍት ቀናቸው ከአንዱ ሳሎን ወደ ሌላው ሲያስታርቁ ኖሩ። የደበቅኳቸውን የታሪኩን ግማሽ ማንም ሳይነግራቸው ኖሩት። እኔ ለዕርቅ ሽማግሌ እንዳልክባቸው ግን በከተማው የሚላኩት ሽማግሌ ራሳቸው ነበሩ።

ሱቄ አለች። እሳቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አልታረቅንም።