ለቲቸር ዊርድ ያለቀስኩበት ድንኳን

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ለጓደኞቼ ባወራሁት ቁጥር በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን ሌላ ነገር ይሰማኛል። ቁጭ ብዬ ልጽፈው የወሰንኩትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ያደግኩት ወሰን የሚባል ሰፈር ነው። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ በመስኮቱ የእንጦጦ ተራሮች ይታያሉ። ዝናቡ ከባሕር ዛፉ ላይ ወደ እኛ ሲወርድ በዓይናችን እናየዋለን። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ግን አስተማሪ ቢጮህም አይሰማም። ሌሎቹ አስተማሪዎች ያን ጊዜ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ግን አፋቸውን ዘግተው ትምህርቱን ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል፤ እኛም በየተራ እየወጣን መልሱን ከሥሩ እንጽፋለን። እስከ ዛሬ ድረስ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ስሰማ የጠመኔ ሽታ ይመጣብኛል።

እኚህ ሰው ከሌሎቹ ለየት ይሉ ነበር። ክፍል ሲገቡ በር ያንኳኳሉ። ሰሌዳ ከማጥፋታቸው በፊት ያስፈቅዳሉ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ እኛን፣ ንፍጣችንን በቅጡ ያልጠረግነውን ልጆች፣ "እርስዎ" ይሉን ነበር። "ወይዘሪት ሰናይት ከበደ፣ እስቲ እርስዎ ያንብቡልን" ሲሉኝ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። እሳቸው ሳቁ እስኪበርድ ቆመው ይጠብቁና ይቀጥላሉ።

በዚያን ሰሞን ከፊልም የለቀምናት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነበረች፤ ዊርድ የምትባል። እንግዳ ነገር፣ ያልተለመደ ነገር፣ ግራ የሚያጋባ ነገር ሁሉ ለእኛ ዊርድ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እሳቸው ከመግባታቸው በፊት ጠመኔ አነሳሁና "ቲቸር ዊርድ" ብዬ በእንግሊዝኛ፣ በትልልቁ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ለምን ብባል ሌላ መልስ የለኝም፤ ልጆቹ እንዲስቁልኝ ነው። ሳቁልኝም።

አንኳኩተው ገቡ። ጽሑፉን አዩት። ማን ጻፈው ብለው አልጠየቁም። በመጀመሪያ ቦታቸውን የሳቱ ሁለት ፊደላት ነበሩና እነሱን አረሙ። ከዚያ ሳያጠፉት፣ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ስለዚያች ቃል አስተማሩን።

ቃሉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ በጥንቱ እንግሊዝኛ፣ እንግዳ ነገር ማለት አልነበረም አሉን። ዕጣ ማለት ነበር። ለሰው የተጻፈለት፣ መምጣቱ የማይቀር ነገር። መሆን የሚል ትርጉም ካለው የጥንት ግሥ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። በኋላ የሰውን ዕጣ ይናገራሉ የሚባሉ ሴቶች በዚሁ ቃል ይጠሩ ጀመር። ሴቶቹ በተውኔት መድረክ ላይ መልካቸው የሚያስፈራ ሆኖ ሲታዩ፣ ሰው ዕጣውን ረሳና መልካቸውን ብቻ ያዘ። ቃሉም እንግዳ፣ አስገራሚ ማለት ሆኖ ቀረ። "ስለዚህ እንግዳ ነገር ስታዩ ለመሳቅ አትቸኩሉ፤ ዕጣችሁ ሊሆን ይችላል" አሉ። እኛ ያን ጊዜም ሳቅን።

ስሙ ግን ሥር ሰደደ። በሳምንት ውስጥ ትምህርት ቤቱ በሙሉ፣ ዘበኛው ሳይቀር፣ ቲቸር ዊርድ ይላቸው ጀመር። እናቴ እንኳ "ቲቸር ዊርድ የቤት ሥራ አልሰጡም?" ትለኝ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ቲቸር ሥራውን ለቀቁ።

በዚያው ክረምት ከእናቴ ጋር አክስቴን ልንሸኝ ላምበረት መናኸሪያ ሄድን። እዚያ ቲቸር ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶብስ ሲጠብቁ አየኋቸው። ሮጬ ሄጄ ይቅርታ ልላቸው ይገባ ነበር። እኔ ግን በእናቴ ነጠላ ውስጥ ተደበቅኩ። ባወጣሁላቸው ስም ተማርረው ከተማውን ጥለው የሄዱ መሰለኝ። ይህ ነገር አሥራ ሦስት ዓመት ሆዴ ውስጥ ኖረ።

አምና ታዲያ በክፍላችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ ልጅ፣ "ቲቸር ዊርድ አረፉ፤ ድንኳኑ የካ አባዶ ነው" ብሎ ጻፈ። ይህ ልጅ የሚኖረው እዚያው ኮንዶሚኒየም ነው። ቲቸርም ከሄዱበት ተመልሰው፣ ቤት በዕጣ ደርሷቸው እዚያ እንደሚኖሩ ያውቃል፤ ከሩቅ ያያቸው ነበር። የሕንፃቸው በር ላይ ድንኳን ሲያይ "ማን ሞተ?" ብሎ ጠየቀ። "ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው" አሉት። እሱም ቲቸር ናቸው ብሎ አመነ። በስማቸው ጠይቆ እንዳያረጋግጥ፣ ከመካከላችን እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ግሩፑ በሚያለቅሱ ፊቶች ተሞላ። እኔ ግን ጥቁር ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ከመገናኛ ታክሲ ያዝኩ። የየካ አባዶ መንገድ መቼም አያልቅም። ያን ሁሉ መንገድ መስኮቱን ተደግፌ፣ ይቅርታዬን ከእንግዲህ ለማን እነግረዋለሁ እያልኩ ደረስኩ።

ድንኳኑ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። ከፊት ለፊት በአበባ ተከቦ የተቀመጠ ፎቶ ነበር፤ ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ገና ከመቀመጤ እንባዬ ገነፈለ። "ይቅር ይበሉኝ! እኔ ነኝ የበደልኩዎት! ሳልነግርዎት!" እያልኩ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ቤተሰቡ ለካ የወንጌል አማኞች ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ በለሆሳስ መዝሙር ይዘመር ነበር፤ የሟች ሚስት እንኳ ዝም ብለው ነበር የተቀመጡት። በእኔ ጩኸት መዝሙሩ ቆመ።

አጠገቤ የተቀመጠችው የሚስቲቱ እህት ኖራለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እህቴ፣ በምን ታውቂያቸዋለሽ?" አለችኝ።

"አስተማሪዬ ነበሩ።"

"ምን አስተማሩሽ?"

"እንግሊዝኛ።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "የእኛ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ነው የሠራው! ምን እንግሊዝኛ ያውቅና!" አለች፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ።

ያኔ ቀና ብዬ ፎቶውን አየሁት። በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቅ፣ ሪዛም ሰው ናቸው።

ሰዉ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሚስቲቱን ያያል። የማትታወቅ ወጣት ሴት የሰው ባል ድንኳን ገብታ "እኔ ነኝ የበደልኩዎት" እያለች ስትንሰቀሰቅ ሰው ምን እንደሚያስብ እናንተው ገምቱት። ከኋላዬ አንዷ "ጉድ ነው!" ስትል ሰማሁ። 

የሟች ሚስት በተረጋጋ ድምፅ፣ "ልጄ፣ የምታለቅሺለት ሰው ስሙ ማን ነው?" አሉኝ።

 እንደዚያ ያለቀስኩለትን ሰው ስም አላውቀውም። ልዋሽ ብልም የምዋሸው ስም አልመጣልኝም። ምርጫ ሳጣ እውነቱን ተናገርኩ።

"ቲቸር ዊርድ" አልኩ።

"አቤት!" የሚል ድምፅ ከወንዶቹ በኩል መጣ።

ሁሉም ዞረ። ከእድሩ ሰዎች መሀል ፀጉራቸው የነጣ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ተነሡ። ሽበቱን ካልቆጠርነው ያው ቲቸር ናቸው። ለጎረቤታቸው ለቅሶ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ተቀምጠው ኖሯል። መነጽራቸውን አስተካክለው አዩኝና ክፍል ውስጥ እንደሚጠሩት አድርገው፣ "ወይዘሪት ሰናይት ከበደ፣ ስለ እኔ ከሆነ ገና ነኝ" አሉኝ።

ነገሩን ለድንኳኑ ሰው አስረዱልኝ። የሟች ሚስት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኳቸው ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ እየሳቁ ነው። "እሱ ከሞተ ገና አሁን ሳቅኩ" አሉ። በሀፍረት ተነሥቼ ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ። "ተቀመጪ። እንባሽ አይመለስ፤ ለእሱ ይሁንለት። የሚያለቅስለት ልጅ አልነበረውም" አሉኝ። እህል ሳልቀምስም አልለቀቁኝም።

ስወጣ ቲቸር እስከ ታክሲው ሸኙኝ። እግሬን እያየሁ፣ "ያን ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ዓመቱን ሙሉ ያረምኩ ሰው ነኝ እኮ።"

"ከፍቶዎት ነበር?"

ጥቂት ሄዱ። "ከፍቶኝ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ያን ዕለት ስለ ቃሉ ያስተማርኩት እናንተ ፊት እንዳላለቅስ ነው። የለቀቅኩት ግን እናቴ ታማብኝ ደሴ ላስታምማት ነው። ይልቅ ላምበረት፣ በእናትዎ ነጠላ ውስጥ የነበሩት እርስዎ አልነበሩም?"

አይተውኝ ኖሯል።  ወሬ ለማስቀየር፣ ለምን እኛን ሕፃናቱን "እርስዎ" ይሉን እንደነበር ጠየቅኳቸው።

"የእናንተን ዕጣ አላውቅማ!" አሉ፣ ግልጽ ነገር የጠየቅኳቸው ይመስል። "ነገ ማን እንደምትሆኑ ሳላውቅ ምን ብዬ አቃልላችኋለሁ?"

ታክሲው ሊሞላ ሲል ስማቸውን ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። ይህን ልጽፍ ሳስፈቅዳቸው "የእኔን ይተዉት፤ እርስዎ ያወጡልኝን ይጻፉ" ስላሉኝ እዚህ አላስገባሁትም። እኔ ግን ከነአባታቸው አውቀዋለሁ። ይህ ትልቅ ነገር ሆኖ ይሰማኛል። አሁንም ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ፤ ግን ሰው ሞቷል ብሎ አልቅሶ፣ ይቅርታውን በቁሙ የሚያደርስ ስንት ሰው አለ? ዕድለኛ ነኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የክፍላችን ልጆች አሥራ አንድ ሆነን ቤታቸው ሄድን። በተራችን እኛ አንኳኳን። በሩን ከፍተው ደረጃው ላይ የቆምነውን አንድ በአንድ አዩን። ከመካከላችን ጢም ያበቀለ አለ፣ ልጅ ታቅፋ የመጣች አለች። እኛ አሥራ ሦስት ዓመት ስማቸውን ሳናውቅ ኖረናል። እሳቸው ግን ከፊት ከቆመው ጀመሩ።

"አቶ ቢኒያም ታደሰ።"

"አቤት!"

እንደዚያ እያሉ የሁላችንንም ስም ከነአባታችን ጠሩት። ድሮ ስም ሲጠሩ በሳቅ እንንፈቀፈቅ ነበር፤ ያን ቀን ማንም አልሳቀም። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ስሜን ሲጠሩ አቤት በማለት ፈንታ፣ እንደ ልጅነቴ እጄን አወጣሁ።