ሰማንያው ቀን ሳይሞላ ወደ ጅቡቲ

ልደታ፣ ማለዳ

ከልደታ የወጣነው መስከረም አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ሦስተኛው መስከረም መሆኑ ነው። አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ አስካለ፣ የአምስት ዓመቷ ልጃችን ጥሩነሽና ገና ክርስትና ያልተነሣች ሕፃን። የምንሄደው ጅቡቲ ነው። እኔ አናጢ ነኝ። ስምንት ዓመት በአንድ ግሪክ የእንጨት ሥራ ቤት ሠርቻለሁ። ጣሊያኖቹ የራሳቸውን አናጢዎች ሲያመጡ ሥራው ቀዘቀዘ፤ ግሪኩም መጋዙንና ጠረጴዛውን ጭኖ ጅቡቲ ገባ። ነሐሴ ላይ ደብዳቤ ላከልኝ። «መስከረም ሳያልቅ ከመጣህ ቦታህ አለ፤ ካልመጣህ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ይላል። ከጌጃ ሰፈር እስከ ተክለ ሃይማኖት ዞሬ ክረምቱን ሙሉ ያገኘሁት ሥራ አንድ የተሰበረ በር መጠገንና ሁለት የሬሳ ሣጥን ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ብዙም አላሰብኩበት።

አስካለ ግን አሰበችበት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የኛዋ የተወለደችው በሐምሌ ሥላሴ ዕለት ነው። በቤታችን ፊደል የቆጠርኩት እኔ ስለሆንኩ ቀኑንም የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሰማንያው መስከረም ሃያ ስድስት ይሞላል ብዬ በደብተሬ ላይ ጻፍኩ። የይለፍ ወረቀታችን ደግሞ የሚያገለግለው እስከ ሃያ አንድ ብቻ ነው። ጣሊያኑ ጸሐፊ አራታችንንም በአንድ ወረቀት ላይ ስላሰፈረን፣ አንዱ ቀርቶ ሌላው የሚሄድበት መንገድ አልነበረም።

ለአስካለ ነገሩ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጥሩነሽ ቀጥሎ አንዲት ሴት ልጅ ወልደን ነበር። ማታ ደኅና ጠብታ የተኛች ልጅ፣ በሠላሳ ሦስተኛ ቀኗ ጠዋት ሳትነቃ ቀረች። ስላልተጠመቀች ፍትሐት አልተደረገላትም። ስምም አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ አስካለ ለአዲሷም ስም ለማውጣት ፈርታ «ልጅቷ» ከማለት በቀር በሌላ ጠርታት አታውቅም። «ይችኛዋን ሳላስጠምቅ አገር አልለቅም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ።

እኔም ዋሸኋት። «ጅቡቲ የኛ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ካህንም አለ። በሃያ ስድስት እዚያው ትነሣለች» አልኳት። እንዲህ ያለኝ ሰው የለም፤ እንዲያውም የሰማሁት ተቃራኒውን ነው። ሥራው እንዳያመልጠኝ ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። አስካለ አመነችኝ። የጎረቤት ሴቶች «ምነው፣ አራስ በባቡር ይጫናል እንዴ?» እያሉ ሲቆጡ እንኳ «እዚያም ቤተ ክርስቲያን አለ» እያለች የምትመልስላቸው እሷው ነበረች። ይህን በሰማሁ ቁጥር ሣጥን ማሰር እጀምራለሁ።

ለገሃር

ለገሃር ስንደርስ ጣሊያናዊው ፈታሽ የመሣሪያ ሣጥኔን አስከፈተኝ። መላጊያውን አነሣና አሸተተው፣ መጋዙን አገላብጦ አየው፣ መጥረቢያዬን ግን የጦር መሣሪያ ነው ብሎ አስቀረው። መጋዝ ሰው አይጎዳም ብሎ የነገረው ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔም አልነገርኩትም።

ሦስተኛ ማዕረግ የእንጨት አግዳሚ ነው፤ እኔ ብሠራው ኖሮ ጀርባውን ትንሽ አጋድመው ነበር። ፊት ለፊታችን ሽኩር የሚባል ነጋዴ ተቀመጠ። አገሩ ጉራጌ ነው፤ ቆዳ ጅቡቲ እያወረደ በምትኩ ጨርቅ ያመጣል። ከረጢት ተምር ይዞ ስለነበር ጥሩነሽ አቃቂ ሳንደርስ ወዳጁ ሆነች።

«ባቡሩ ምን ይበላል?» አለችው።

«እሳት ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል።»

«ታዲያ እሳቱን ውሃው አያጠፋበትም?»

ሽኩር ትንሽ አስቦ «ይኼን ለፈረንሳዮቹ እጠይቅልሻለሁ» አላት።

እስከ ሞጆ ድረስ ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው፤ ገና አረንጓዴ ነው። ቢሾፍቱ ላይ አራት የተቀቀለ እንቁላል በአንድ ሊሬ ገዛን። ሻጯ ሊሬውን ተቀብላ ሁለት ጊዜ ገለባበጠችውና «ጠገራ ብር የለህም?» አለችኝ። ቢኖረኝ ኖሮ ከአገሬ ምን ያስወጣኝ ነበር። ከአዳማ በታች ሙቀቱ እየበረታ ሄደ፤ አስካለ የልጅቷን መጠቅለያ አንድ በአንድ ገፈፈችላት።

አዋሽ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ባቡሩ በጨለማ ስለማይሄድ ሁሉም ይወርዳል። ገንዘብ ያለው ሆቴል ይገባል፤ እኛ በሁለት ሊሬ የሰሌን ምንጣፍ ተከራይተን በአንድ የጭቃ ቤት በረንዳ ላይ አረፍን። አስካለ ትንኝ እንዳይነካት ነጠላዋን ልጅቷ ላይ ዘርግታ «ደጉ ነገር፣ ሰባት ቀን ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ። የሣጥኔን ገመድ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።

ወደ ድሬዳዋ

በማግስቱ መንገዱ ግራርና አቧራ ብቻ ሆነ። ሚኤሶ ላይ ሴቶች ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት አምጥተው ሸጡልን፤ ጥሩነሽ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና ደገመችው። አስካለ ጥሩ ስሜት ላይ ነበረች። ሽኩርንም መጠየቅ ጀመረች።

«ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማው ይርቃል?»

«የትኛው?»

«የኛው ነዋ። ጅቡቲ ያለው።»

ሽኩር ተምሩን አስቀመጠ። «የፈረንጆቹን አውቃለሁ። የእናንተን ግን… እኔ እስላም ነኝ፣ ላላስተውል እችላለሁ። ነገር ግን አሥር ዓመት ስመላለስ አንድ የጠመጠመ ቄስ አላየሁም፣ እቴ።»

አስካለ ወደ እኔ ዞረች። ሽኩርን መስሎኝ ነበር የምትጠይቀው፤ እሱን ረስታዋለች።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኳት።

በሰው ፊት አልጮኸችም። ከእኔ እጅ ልጅቷን ተቀብላ በመስኮቱ በኩል ዞራ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ በእሷና በእኔ መካከል ያለው መልእክተኛ ጥሩነሽ ሆነች። «ጥሩነሽ፣ ለአባትሽ እንጀራውን አቀብዪው።» «ጥሩነሽ፣ አባትሽ እግሩን ይሰብስብ በዪው።» ኤረር ላይ ስድስት ብርቱካን ገዝቼ አንዱን ልጬ ሰጠኋት፤ ለጥሩነሽ ሰጠችው። ሽኩር ምን እንዳበላሸ ባያውቅም አንድ ነገር እንዳበላሸ ገብቶታል፤ ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የሞተችው ልጃችን የኔም ልጅ ነበረች፤ ሣጥኗን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ እያወቅኩ ነው የዋሸሁት።

ድሬዳዋ፣ አመሻሽ

ሽኩር ከጣቢያው በጋሪ ወስዶ ወይዘሮ በላይነሽ ከሚባሉ ሴት ቤት አገባን። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሞቱ ወዲህ ለመንገደኛ አልጋ እያከራዩ ይኖራሉ። ወይዘሮ በላይነሽ ገና ደጅ ላይ አስካለን አይተው «ይኼ የመንገድ ድካም ብቻ አይደለም» አሉ።

አስካለ ተቀመጠች። «እኔ ከዚህ አላልፍም። አንተ ሂድ» አለችኝ። ከሚኤሶ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ወረቀቱ አንድ ነው፣ አስካለ።»

«ወረቀትህን ብላው!»

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚነሣው ባቡር ካመለጠን ወረቀቱ አበቃለት። ሌላ ለማውጣት አዲስ አበባ መመለስ ነው፤ እሱ እስኪወጣ መስከረምም ሥራውም ያልቃሉ። በሣጥኔ ላይ ተቀምጬ ይህን ሁሉ አወጣሁ አወረድኩ። ሥራ ሳይኖረኝ ያሳለፍኩትን ክረምት አሰብኩ። ከዚያ ቀና ስል አስካለ ልጅቷን እያጠባች ስታለቅስ አየኋት። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል።

«እሺ፣ እንቀራለን» አልኳት። ከልቤ ይሁን ከድካሜ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግን ተናገርኩት።

ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን አነሡ። «እንግዲያው ለሃያ ስድስት እንዲያዘጋጁላችሁ ለቄሱ ከአሁኑ እንንገራቸው። ቤታቸው እዚሁ ነው።»

ቄሱ ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ነፋስ እየተቀበሉ አገኘናቸው። መስቀል ተሳልመን ጉዳዩን አስረዳሁ።

«መቼ ተወለደች?»

«በሐምሌ ሥላሴ፣ አባቴ።»

በጣታቸው አንጓ መቁጠር ጀመሩ። «ከሐምሌ ሃያ አራት ቀን። ነሐሴ ሠላሳ፤ ሃምሳ አራት ሆነ። ጳጉሜ አምስት፤ ሃምሳ ዘጠኝ…»

ጳጉሜ ሲሉ ጆሮዬ ጋለ።

«…በመስከረም ሃያ አንድ ሰማንያ ይሞላል። ነገ ማለት ነው። ሃያ ስድስትን ከየት አመጣኸው?»

ደብተሬን አውጥቼ አሳየኋቸው። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም ይላል።

«ጳጉሜንስ የት ጣልካት?»

ምን ልበላቸው? ስምንት ዓመት በወር ደመወዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለጳጉሜ ደግሞ ማንም ከፍሎኝ አያውቅም። ያልተከፈለባት ወር ከልቤም ከደብተሬም ወጥታ ቀርታለች። ይህንኑ ብነግራቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«እግዜር ግን ቆጥሯታል» አሉ። «ነገ ደግሞ ግሸን ማርያም ናት። በአሥራ አንድ ሰዓት ይዛችኋት ኑ።»

አስካለ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። «አናጢ ሆነህ መለካት አቃተህ?» አለችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች።

ስንመለስ ወይዘሮ በላይነሽ መንገድ ላይ ቆሙ። «የክርስትና እናት ማን ልትሆናት ነው?»

አስካለ «በማላውቀው አገር ከየት አመጣለሁ?» አለች።

«እኔ ምን ሆንኩ?» አሉ ሴትየዋ፣ እንደ መቀየም ብለው።

ግሸን ማርያም

ገና ሳይነጋ ሄድን። ልጅቷ ውሃው ሲነካት የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ እስክታነሣ ድረስ ጮኸች፤ ማተቡ ከታሠረላት በኋላ ግን በወይዘሮ በላይነሽ ክንድ ላይ ጸጥ አለች። ስሟ ወለተ ማርያም ተባለ። ቅዳሴው አልቆ ቆርባ ስንወጣ ፀሐይ ወጥታለች፤ ባቡሩ ሊነሣ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቀረውም። ጋሪው እየዘለለ፣ ጥሩነሽ እየሳቀች፣ እኔ ሣጥኔን እንዳይወድቅ አቅፌ ጣቢያው ደረስን። ሽኩር በሩ ላይ አንድ እግሩን ከውስጥ አንድ እግሩን ከውጭ አድርጎ ቆሞ ከተቆጣጣሪው ጋር ይጨቃጨቃል። ባቡሩን ያቆየው እሱ ይሁን ሰዓቱ አልጠየቅኩትም።

ወይዘሮ በላይነሽ የአልጋውን ኪራይ አልቀበል አሉ። «ከአበ ልጅ ምን ኪራይ አለ?» ብለው በመስኮቱ በኩል ልጅቷን ስመው ለአስካለ አቀበሏት። «ልጄን ይዛችሁብኝ ሄዳችኋል፤ ወሬዋን እንዳትከለክሉኝ» አሉ። ትናንት በዚህ ሰዓት እኚህን ሴት አናውቃቸውም ነበር።

ደወሌ ድንበር ላይ ጣሊያናዊው ዘበኛ ወረቀቱን ዘርግቶ አየ። የኔ ስም አለ፣ የአስካለ አለ፣ የጥሩነሽ አለ፤ ከአራተኛው ቦታ ላይ ሕፃን ከማለት በቀር ስም አልተጻፈም። በጣቱ ልጅቷን አሳየና «ስም?» አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት አስካለ «ወለተ ማርያም!» አለችው፤ ፉርጎው በሙሉ ዞሮ አያት። ዘበኛው ጽፎ አሳለፈን።

ጅቡቲ

የጅቡቲ ሙቀት ገና ከባቡሩ ሳንወርድ ተቀበለን። አየሩ ጨው ጨው ይላል። ጥሩነሽ ባሕሩን አይታ «ማን አፈሰሰው?» አለችኝ። ሽኩር ከግሪኩ ሥራ ቤት ድረስ አድርሶን፣ ለጥሩነሽ የተረፈውን ተምር ከነከረጢቱ ሰጥቶ ሄደ። ግሪኩ አቅፎ ሳመኝና ከሥራ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ በአንድ መስኮት የምትተነፍስ ክፍል አሳየን። ቤታችን እሷ ናት።

ከልደታ እስከዚህ ያለው ሦስት ቀን ምን አስተማረህ ብባል፣ ጳጉሜን መቁጠር ብዬ ብቀልድ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ልደታ ሳለሁ ለአስካለ ሐቁን ነግሬያት ቢሆን፣ ጭንቋን ይዘን እዚያው ደብር ወዳሉት ካህን እንሄድ ነበር፤ እሳቸውም በጣታቸው ቆጥረው ድሬዳዋ ላይ እንደሚሞላ ይነግሩን ነበር። እኔ ግን ያስጨነቀንን ነገር በውሸት ከድኜ፣ ማንም እንዳያየው አድርጌ፣ ይዤው ተሳፈርኩ። ቤተሰብ ይዞ የሚሰደድ ሰው ሥራ ፍለጋ ብቻ የሚሄድ ይመስለዋል። ሚስቱ ግን እሱን አምና ነው የምትከተለው።

አመሻሽ ላይ ልጅቷ ተኝታ፣ አስካለ በእርጥብ ጨርቅ ታራግብላታለች። ጓዛችን እንደታሰረ ክፍሉ መሐል ተቀምጧል።

«እዚህ አገር ስንት ጊዜ ነው የምንቀመጠው?» አለችኝ።

አንድ ዓመት የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ደስ የሚል ቃል ነው፤ እኔንም ያጽናናኛል።

«አላውቅም» አልኳት።

እርጥቡን ጨርቅ ለጥሩነሽ ሰጥታ ተነሣች።

«እንግዲያው ዕቃውን በደንብ እንፍታው» አለች።