በኮፒ ቤቴ አድራሻ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች ፎርም እሞላለሁ። ኢሜይል የሌለው ሰው ሲመጣ የሱቁን አድራሻ እሰጠዋለሁ። በዚያች በአንዷ አድራሻ የስንቱ ሰው ጉዳይ እንደሚገባና እንደሚወጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ "አንች እኮ ፖስታ ቤት ነሽ" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። የሰው ጉዳይ ማወቅ እወዳለሁ፣ አልዋሽም።

ከደንበኞቼ ሁሉ አንዲት እናትን አብልጬ እወዳለሁ። ከቡሬ መንገድ ገባ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ በገበያ ቀን ይመጣሉ። ከዓመታት በፊት ታመው ጆሯቸው ጨርሶ ጠፍቷል። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም ሕንድ አገር ይማራል። ስልክ ለእሳቸው ምንም አይፈይድም፤ ማንበብ ግን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምረዋል። ስለዚህ ልጁ የሚጽፈው ለእኔ ሱቅ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፈውን አማርኛ እኔ በራሳችን ፊደል እገለብጥና ጎላ አድርጌ አትምላቸዋለሁ። እሳቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡታል። መልሱን ሲነግሩኝ እኔ እጽፋለሁ። የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ የሚናገሩት በጩኸት ነው፤ የላማቸው ወተት መቀነሱን መናኸሪያው በሙሉ ያውቃል። እኔ የምለው ካለኝ ስክሪኑ ላይ ጽፌ አሳያቸዋለሁ። በዚህ ሁኔታ ደህና አድርገን እንግባባለን።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ክረምት ነው። አንድ ጠዋት ኢሜይሉን ስከፍት "የላኩት መልእክት አልደረሰም" በሚል ማሳወቂያ ተሞልቶ አገኘሁት። እኔ ምንም አልላክሁም። የማላውቃቸው ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ ጽፈውልኛል፤ ስድብ መሆኑን ለማወቅ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ የቡሬ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ "እህቴ፣ ምን ነክቶሽ ነው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ግዛ የምትይኝ?" አለኝ። ሰውየው ከሲታ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ፓስወርድ ቀየርሁ፤ ለውጥ የለም። ደግሜ ቀየርሁ። በመጨረሻ ኮሌጅ ኮምፒውተር የሚያስተምረውን ጎረቤቴን ጠራሁት። ሲያገላብጥ ቆይቶ "ማንም አልገባብሽም" አለኝ። "ፖስታ ላይ የፈለጉትን የላኪ ስም መጻፍ ማንን ያቅታል? እነሱም የምትጻጻፊያቸውን ሰዎች አድራሻ ከሌላ ቦታ ሰብስበው፣ ከየትም ሆነው ላኪዋ አንች ነሽ ብለው ይጽፋሉ፣ በቃ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እስኪሰለቻቸው መጠበቅ ነው።"

እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልበትም። ንዴቴን መወጫ ሳጣ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፍሁ፤ በዚህ ቤት ስም የሚደርሳችሁ የመድኃኒት ሽያጭና ዕጣ ወጣላችሁ የሚል መልእክት የእኛ አይደለም የሚል። ማስታወቂያውን ያነበበው ሁሉ ስለ ዕጣው ሊጠይቀኝ ገባ።

ይህስ ቢያናድድም የሚታለፍ ነበር። ያልታለፈው የሴትዮዋ ነገር ነው። የልጃቸው ደብዳቤ ቆመ። በመጀመሪያው ገበያ ቀን "አልመጣም" ብዬ ስክሪኑ ላይ ስጽፍላቸው "ፈተና ላይ ይሆናላ" ብለው ሳቅ አሉ። የነገሩኝን ጽፌ ላክሁ። መልስ የለም። በሚቀጥለውም ጻፍን፣ መልስ የለም። የሰጡኝን የልጁን ስልክ ቁጥር ሞከርሁ፤ በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ሲመጣና ሲሄድ ነበር፣ መስመሩ ሊገባልኝ አልቻለም። ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲጋመስ መጠየቁንም ተዉት። ዝናቡን ሸሽተው በረንዳው ላይ ይቀመጡና በበሩ ያዩኛል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። "እሽ" ይላሉ፣ በቀስታ። ድምፃቸው ዝቅ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ግን ገብተው ከአጠገቤ ቆሙ። "ወይ ሙቷል፣ ወይ ረስቶኛል" አሉኝ። "እስቲ አንች የተማርሽው ንገሪኝ፤ የትኛውን ልመኝ?"

 ስክሪኑ ላይ "እስከሚቀጥለው ገበያ ይጠብቁኝ" ብዬ ጻፍሁላቸው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ጎረቤቴን ዳግመኛ ያዝሁት። ጉዳዩን ሲሰማ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። በአድራሻዬ ያን ያህል የማጭበርበሪያ መልእክት ስለተላከ የልጁ ኢሜይል እኔንም ከሌቦቹ ቆጥሮኝ፣ እውነተኛውን ደብዳቤ ሳያሳየው ይጥለው ይሆናል አለ። በአዲስ አድራሻ ጻፊለት አለኝ። "ግን ከማያውቀው አድራሻ እናትህ ነኝ የሚል ደብዳቤ ቢደርሰኝ እኔ ብሆን አላምንም። ሌባ ሊያውቀው የማይችል ነገር ከመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጊ።"

ሴትዮዋ ሲመጡ ነገሩን ሁሉ ስክሪኑ ላይ ዘርዝሬ ጻፍሁና ከሥሩ "እርስዎ መሆንዎን በምን ይወቅ?" ብዬ ጨመርሁ። በጣታቸው ተከትለው አነበቡና ፊታቸው ተለወጠ።

"እናቱ መሆኔን ደግሞ ማን ሊመሰክርልኝ ነው?"

ተቀየሙኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው ሊወጡ ደጃፉ ድረስ ሄዱ፤ ከዚያ ቆሙ። ሲመለሱ ድምፃቸው እንደ ድሮው ከፍ ብሏል።

"ግድግዳውን በይው" አሉ። "ጆሮየ የጠፋ ጊዜ ምድጃው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፈ ነበር የሚያዋራኝ። ኋላ መጻፉ ሲሰለቸው ጊዜ የጻፈውን በጣቱ ነካ ማድረግ ጀመረ። ራበኝ የምትለዋን ነው የሚነካት፤ ከትምህርት ቤት ሲመጣ፣ ከብት አስገብቶ ሲመጣ። እሱ ከሄደ ወዲህ ቤቱን በየዓመቱ መርጌያለሁ። እሷን ግን አልነካኋትም፣ በዙሪያዋ ነው የማልፈው። ራበኝ አሁንም ከግድግዳው ላይ አለች በይው።"

አፍንጫዬን በሶፍት ጠረግሁ። "ምን ሁነሽ ነው?" ሲሉኝ "ጉንፋን" ብዬ ስክሪኑ ላይ ጻፍሁላቸው። የነገሩኝን አንድ ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ ላክሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ስከፍት መልሱ መጥቷል። ልጁ አንድም ቀን መጻፍ አቋርጦ አያውቅም። ሌቦቹ በእኔ አድራሻ ለእሱም ልከውለት ኖሯል፤ መድኃኒት ሳይሆን "አለህ ወይ? ቶሎ መልስልኝ፣ እፈልግሃለሁ" የምትል አጭር የእንግሊዝኛ መልእክት። እናቴ ታማለች ብሎ ደነገጠ። መልስ የሚለውን ተጭኖ ጻፈ፤ መልሱ ግን ወደ እኛ ሳይሆን እነሱ ከሥሩ ወዳስቀመጡት የራሳቸው አድራሻ ነው የሚሄደው። እነሱ ያችኑ መልእክት ይደግሙለታል፣ እሱም መልሶ ይጽፋል። ወደ ሱቁ ስልክም ደውሎ ነበር፤ ኔትወርካችን አላስገባውም። ያን ሁሉ ጊዜ እናቱን የሚያናግር መስሎት ለሌባ ሲጽፍ ነበር የከረመው። የትም ይሁን የት፣ ያ ሌባ የእኛ አገር ጥጃ ተቅማጡ ተሽሏት እንደሆነ፣ ጓዳው ያፈስ እንደሆነ ሲጠየቅ ምን ብሎ ይሆን? እንኳን ማዘን፣ ቋንቋውም አይገባውም።

ልጁ ደብዳቤዎቹን ሁሉ አንድ ላይ መልሶ ልኮልኛል። በተጻፉበት ቅደም ተከተል ገለበጥኋቸው፤ ወረቀቱ ወፈር ያለ ሆነ። በገበያው ቀን ስሰጣቸው ምን እንደሆነ ገና ሳያነቡ ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀመጡና ጀመሩ። ሲያነቡ ድምፃቸው ይወጣል። ሰው ያልፋል ያገድማል፣ እሳቸው ያነባሉ። ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። "እማየ፣ ተቀይመሽኛል? ምን አጥፍቼ ነው?" ይላል። ደግመው አነበቡት፤ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው አለቀስሁ። ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው ግራ ገብቶት ተመልሶ ሄደ።

"በይ ጻፊ" አሉኝ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

"ደህና መሆንዎን ነግሬዋለሁ። አንድ መልስ ይበቃዋል" ብዬ ጻፍሁላቸው፤ መሽቶባቸዋል።

አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይበቃም" አሉ። "ዝም ያልሁት ለያንዳንዱ ደብዳቤ ነው።"

የመጀመሪያውን ወረቀት ከላይ አደረጉና ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። ጥጃዋ ተሽሏታል፣ አሉ፤ ጻፍሁ። ጓዳው ያፈሰው በአንድ ወገን ብቻ ነው፣ አሉ፤ ጻፍሁ። ውጭ ረዳቱ የመጨረሻውን የቡሬ መኪና ሊያስወጣ ይጣራል። እሳቸው አይሰሙም፤ እኔም አልነገርኋቸውም።