ለዳንኤል የሳልኩት አልጋ

ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ከተደረግኩ ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ። የማገግመው እዚሁ ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ልጄ ሄለን ዘንድ ነው። ትናንት የሕክምና ቀጠሮዬን በስልክ ልከፍት ስል፣ ስልኩ ያለሁበትን ቦታ አየና ማንነቴን ማረጋገጥ አልቻልኩም አለኝ። የተመዘገበው አድራሻዬ ፍሌሚንግደን ፓርክ ነው፤ ጎረቤት ሰፈር። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስት ጊዜም እኔ አይደለሁም ተባልኩ።

«እማ፣ ሎኬሽንሽን ቼክ አድርጎ ነው። ቤትሽ ስንሄድ ትራይ እናደርገዋለን» አለች ሄለን፣ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል።

ለእሷ ቀላል ነው። እኔ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለው ነገር ያደክመኛል፤ ድሮም ገጥሞኛል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ቶሮንቶ በገባሁ በሁለተኛው የበረዶ ወራት። ካርቱም የቀረውን ታናሽ ወንድሜን ዳንኤልን ላመጣው አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ሁዳዴ ስለነበር ዳቦና ሙዝ በቦርሳዬ ይዤ በአውቶብስ፣ ከዚያም በባቡር ሄድኩ። በረዶው ከጨው ጋር ተቦክቶ ጫማዬ ውስጥ ይገባል። ለቡትስ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ያን ጊዜ ሞኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሞኟስ እኔ ነበርኩ።

ጠያቂው ትሑት ሰው ነበሩ። ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ። አስተርጓሚዋ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ።

«አንቺና ወንድምሽ ያደጋችሁበትን ቤት ሳዪልን ነው የሚሉሽ» አሉኝ። «እሱም እዚያ ካርቱም ይስላል። ከተመሳሰለ ወንድምሽ መሆኑን ያምናሉ።»

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ዳንኤል ከእኛ ጋር አላደገም። ጡት እንደተወ እናቴ ልጅ ላልወለደችው እህቷ ሰጠችው። በእኛ ዘንድ ነውር የለውም፤ የእህት ቤት ጭር እንዳይል የሚደረግ ነው። ለባዕድ ሲተረጎም ግን «እናቴ ልጇን ለሰው ሰጠች» ሊሆን ነው። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። ያን ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

ስለዚህ የእኛን ቤት ሳልኩ። የቆርቆሮውን በር፣ የጓሮውን ኮክ፣ አልጋዎቹን። ከእኔ አልጋ አጠገብ አንድ ጨመርኩና «ዳንኤል» ብዬ ጻፍኩበት።

«እርግጠኛ ነሽ፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ አስተርጓሚዋ።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኳቸው።

ዳንኤል እውነቱን ነበር የሳለው፤ የአክስቴን ቤት ከነጉድጓድ ውኃው። ከፋሲካ በኋላ ዝምድናችን እንዳልተረጋገጠ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ኋላ እውነቱን ብጽፍ፣ አንዴ ዋሽተሻል ተባልኩ። ወንድሜ ካርቱም ብዙ ተንገላቶ በመጨረሻ አውስትራሊያ ገባ። ከዚያ ወዲህ የተያየነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ለምን እንዳልተሳካ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ፈርቼ አልነገርኩትም።

ይህ ስልክ ያኔ ቢኖርም ያው ነበር የሚለው። ዳንኤል የሚያድረው ሌላ ቤት ነውና ወንድምሽ አይደለም ይለኝ ነበር። ሰው የት እንደሚያድር ማወቅና የማን እንደሆነ ማወቅ ለየቅል መሆናቸውን ለማን እንደማስረዳ አላውቅም፤ ጉልበቱም የለኝም።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ደወልኩለት። እሱ ዘንድ ነግቷል፣ ለሥራ ሊወጣ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ እናታችንን ላለማሳማት ብዬ እሱን እንዳስቀረሁት ጭምር። ይቆጣል ብዬ ነበር።

«አልጋዬ የቱ ጋ ነበር?» አለኝ።

«ከመስኮቱ ሥር» አልኩት። «ከእኔ አጠገብ።»