የሽሮን ጥፍር የቆረጥኩት እኔ ነኝ

እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ይህን ነገር ከአፌ ያወጣሁለት ሰው አልነበረም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን አልተናገርኩም። በየጾሙ መግቢያ ልደታ ማርያም ሄጄ ፊታቸው እንበረከካለሁ፤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የሻርኩትን ጾም አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ፤ እዚህ ጋ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። የውሻ ጥፍር ደግሞ ምን ኃጢአት ሆኖ ነው ለካህን የሚነገረው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። ኃጢአቱ የውሻው ጥፍር እንዳልሆነ ግን ያኔም አውቅ ነበር። አሁን ለእናንተ ልንገራችሁ። ፍረዱብኝ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሰብለ እባላለሁ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከልጄ ከማህሌት ጋር እኖራለሁ። ሦስተኛችን ውሻችን ሽሮ ነው። መልኩ ቁርጥ የሽሮ ዱቄት ስለሆነ ስሙን ያወጣችለት ማህሌት ናት፤ ደረጃ ላይ ቆመን ስንጠራው የማያውቀን ሰው ምሳ የቀረበ ይመስለዋል። ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ማህሌት ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

እኔ ሥራ፣ እሷ ትምህርት ቤት ስንሄድ ሽሮ በር ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ያላዝን ነበር። ሕንፃው ተማረረ። ያኔ ነው ጋሽ ሸምሱ የደረሱልን። ጋሽ ሸምሱ ምድር ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫማ ሲሠሩ ኖረው ዐረፍ ያሉ የስልጤ ሰው ናቸው። በግቢያችን ለበዓል በግ የሚታረድበትና ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት አለ፤ ኮሙናል እንለዋለን። በአዘቦት ቀን ባዶውን ስለሚውል፣ ኮሚቴውን አስፈቅደው የውሻ መዋያ አደረጉት። ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀባቸው። ለልጅ መዋያ በጠፋበት አገር ለውሻ ተገኘ ብለው የቀለዱም ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ ግን ጠዋት ጠዋት ስድስት ሰባት ውሻ ባለቤቱን በገመድ እየጎተተ ኮሙናሉ በር ላይ መሰለፍ ጀመረ።

የመስጊድ ወዳጆቻቸው፣ ሙስሊም ሆነህ ከውሻ ጋር ምን ያውልሃል እያሉ ይተርቧቸው ነበር። እሳቸው ለውሾቹ ብቻ የሚለብሱት ቡናማ ጋዋን ነበራቸው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ጋዋኑን አውልቀው፣ ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው ይሄዳሉ፤ ሰግደው ሲመለሱ ያንኑ ጋዋን ይለብሳሉ። ማህሌት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋዋኑን ይዛ በር ላይ ትጠብቃቸዋለች። በየቀኑ እንዲህ የሚለፋ ሰው ውሻ ላይ ይጨክናል ብሎ ማን ያስባል? ማንም። እኔ ግን ሰው እንዲያስብ አደረግኩ።

ሽሮ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሲሄድ ጥፍሩ ረዝሞ ነበር። ከሴራሚክ ሌላ የማይረግጥ የፎቅ ውሻ ጥፍሩ የሚያልቅበት ቦታ የለውም። ጋሽ ሸምሱ መዳፉን እንደሚጠገን ጫማ ጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ በዚያው በጫማ ሞረዳቸው ጫፉን ብቻ ይሞርዱለታል። እኔ ቸኮልኩ። ለምን በአንዴ አይቆርጡትም አልኳቸው።

«ጥፍሩ ውስጥ ሕይወት ያለው ሥጋ አለ» አሉኝ። «ጥፍሩ ሲረዝም ሥጋውም አብሮ ይረዝማል። ጫፍ ጫፉን ስንቀንሰው ሥጋው ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል። የሽሮ ጥፍር ደግሞ ጥቁር ነው፤ ሥጋው የት ጋ እንደሚያልቅ አይታይም። ትንሽ ትንሽ ነው ልጄ፣ በየሳምንቱ።»

ሽሮም ገብቶት ነው መሰል፣ እሳቸው ሞረዱን ሲያነሱ ሳይጠየቅ እግሩን ያቀብላቸው ነበር።

ከእኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ አስካለ ይኖራሉ፤ የኮሚቴ አባል ናቸው። ሽሮ ቤት ውስጥ ሲመላለስ ጥፍሩ ሴራሚኩን ቀጭ ቀጭ ሲያደርገው ከጣሪያቸው ይሰማቸዋል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ያዙኝና፣ «ሰብልዬ፣ ከላዬ ሙሽራ አስቀምጠሻል እንዴ? በሂል ጫማ ስትመላለስብኝ ትውላለች» አሉኝ። ተሳሳቅን። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እንደሚያነሱት ግን ገባኝ። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ስሜ ሲነሳ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ምክንያቴ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም። በሰው ፊት እንዳላፍር ብዬ ነው ሁሉንም ያደረግኩት።

ስብሰባው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ማህሌት ሰንበት ትምህርት ቤት ሄዳ ሳለ የራሴን ጥፍር መቁረጫ አነሳሁና ሽሮን ጠራሁት። መጣ። ጋሽ ሸምሱ እንዳስለመዱት እግሩን አቀበለኝ። እኔም ቆረጥኩ። ትንሽ አልቆረጥኩም፤ ጋሽ ሸምሱ በወር የሚያደርሱትን በአንዴ ቆረጥኩ። የሽሮ ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ደሙ ሴራሚኩ ላይ ተንጠባጠበ። እናቴ ቁስል ላይ ታደርግ እንደነበረው ከጣሳው ቡና ዱቄት ዘግኜ ጥፍሩ ውስጥ ጠቀጠቅኩበት። ደሙ ቆመ። ወለሉን ወለወልኩ፤ መቁረጫውን አጥቤ መሳቢያው ውስጥ መለስኩ። ማህሌት ስትመጣ ሽሮ አልጋ ሥር ገብቶ ነበር፤ ተኝቷል አልኳት።

ሰኞ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ለጋሽ ሸምሱ አስረከብኩት። ቆስሏል፣ እዩልኝ ማለት ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ነው። ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው እንዳልል፣ ታክሲ ተራው ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ። ትንሽ ትንሽ ያሉኝን ሰው አልሰማሁም ብዬ መናገር አፈርኩ። ከሰዓት ሽሮን ከመዋያው ያመጣችው ማህሌት ናት። እኔ ከሥራ ስገባ እየጮኸች ተቀበለችኝ። ደረጃ ሲወጣ አነከሰ፣ ጥፍሩ ተቆርጦ ቆስሏል፣ ማነው እንዲህ ያደረገው አለችኝ። ጋሽ ሸምሱ ሲቆርጡለት ይሆናላ አልኳት። ይሆናላ! ውሸቴን እንኳ በድፍረት አልዋሸሁትም።

ልጄ እያለቀሰች ለእትዬ አስካለ ነገረች፤ እትዬ አስካለ ለሌሎቹ ነገሩ። ረቡዕ ሳይደርስ ሦስት ሰዎች ውሾቻቸውን ከመዋያው አስቀሩ። እኔም ሽሮን አስቀረሁ። ማስቀረት ነበረብኝ፤ አለበለዚያ ውሸቴ እግር አይኖረውም ነበር።

እሁድ ስብሰባው ግቢው ውስጥ ተካሄደ። ስለ ሽሮ ኮቴ ያነሳ ሰው የለም። የተነሱት ጋሽ ሸምሱ ናቸው። እትዬ አስካለ ብድግ ብለው፣ እንስሳ የሚያሰቃይ ሰው ኮሙናሉ ሊሰጠው አይገባም አሉ። ከኋላ አንዱ፣ ድሮስ እሳቸውን ከውሻ ጋር ምን አገናኛቸው ብሎ አጉረመረመ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ።

«ወይዘሮ ሰብለ፣ እውነት ነው?»

ማህሌት ክንዴን ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ጋሽ ሸምሱ ፊት ለፊቴ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ቃል እኮ አልተነፈስኩም እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አጽናናሁ! ራስ መነቅነቅ ታዲያ ውሸት አይደለም? እሱም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የነቀነቅኩት፤ ሁለት ጊዜ ነው። ሁለተኛውን ማን ጠየቀኝ? ጋሽ ሸምሱ ግን አልተከራከሩም። ቆባቸውን አስተካከሉና፣ «እሺ፣ ነገ ቁልፉን አስረክባለሁ» ብለው ሄዱ። ንጹሕ ቢሆኑ ዝም ይሉ ነበር? አለ ሰው። እኔም ያን ሰምቼ ዝም አልኩ። የሳቸው ዝምታ ለእኔ ውሸት ምስክር ሲሆንልኝ እያየሁ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሸምሱ ወደ ጫማቸው ተመለሱ። ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ጫማ ይጠግናሉ። እኔ በዚያ ላለማለፍ አራት ዓመት ሙሉ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ኖርኩ። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ እንዴት አደርሽ ይሉኛል፤ ዐይኔን መሬት የምተክለው እኔ ነኝ። ማህሌት ግን ሰላም አትላቸውም። ጋዋናቸውን ይዛ በር ላይ ትጠብቃቸው የነበረች ልጅ፣ ሲያልፉ ፊቷን ታዞርባቸዋለች። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጥላቻ የማይገባውን ሰው መጥላት ለልጄ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሽሮም ከዚያ ወዲህ ለማንም እግሩን አላቀበለም። ጥፍሩ አድጎ አድጎ ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመረ።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት እግሩን መርገጥ ሲያቅተው ከማህሌት ጋር ሆነን የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድነው። አላስነካም ብሎ ጠረጴዛውን አተረማመሰው። ሐኪሟ ሳቀችና፣ በግድ ከምንይዘው የሚያምነው ሰው ቢቀንስለት ይሻላል፣ ከዚህ በፊት ማን ነበር የሚቆርጥለት አለች። ማህሌት ቀደመችኝ።

«አንድ ሰውዬ ነበር። እሱ አቁስሎት ነው እንዲህ የሆነው።»

ሰውዬ አለች። ጋሽ ሸምሱን። 

ውጭ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ እዚያ አስቀመጥኳት። እኔ ነኝ አልኳት። ምኑን አለችኝ። የሽሮን ጥፍር የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሸምሱ አልነኩትም አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ መቁረጫውን፣ ቡናውን፣ ይሆናላውን፣ ስብሰባውን። ፊቷን አዞረችብኝ። ልጄን ያጣኋት መሰለኝ፤ እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት ብትተወኝም አይፈረድባትም ነበር። ከዚያ ተነስታ የሽሮን ገመድ ያዘች።

«ተነሺ» አለችኝ።

የት አልኳት።

«ጋሽ ሸምሱ ጋ።»

ሱቃቸው ስንደርስ የሰው ጫማ ሶል እየሰፉ ነበር። ሽሮ በሩ ላይ ቆሞ አሸተተ፣ አሸተተና ጭራውን እየቆላ ገብቶ ጉልበታቸው ላይ እግሩን ጣል አደረገ። እኔ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ጋሽ ሸምሱ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ብቻ አልኳቸው። እሳቸው መዳፉን እያገላበጡ ያያሉ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያን ሰኞ በሞቀ ውሃ ነክሬ ቡናውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም? ኮሙናሉ ውስጥ ቡና ከየት ይመጣል?»

ታዲያ ለምን አልተናገሩም አልኳቸው፤ እንባዬ መጣ። ራስሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ስብሰባው ደረሰ አሉኝ። ከዚያ ማህሌትን አይዋት። «ይህች ልጅ ክንድሽን ይዛ ቆማ ነበር። በልጅሽ ፊት ውሸታም ልበልሽ?»

አስቡት። ልጄ እኔን እንዳትንቅ ብለው እሳቸው አራት ዓመት ተናቁ። ማህሌት ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዟትና፣ «ተይ፣ ይልቅ ራሱን ያዥልኝ» ብለው ሽሮን ሰጧት። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አሉኝ፣ ሞረዳቸውን ከመሳቢያ እያወጡ። «ግን የነቀነቅሽው ለእኔ አይደለም፤ ለሰዉ ነው። ለሰዉ ደግሞ ንገሪ።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫፉን ብቻ ሞረዱለት። ሽሮ ፀጥ ብሎ አስነካቸው። በየቅዳሜው አምጪው፣ ሥጋው እስኪሸሽ ወራት ይፈጃል፣ ግን ይሸሻል አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ሐሙስ ነው። ቸኩዬ ነበር፣ አፍሬ ነበር፣ ብቻዬን ልጅ የማሳድግ ሴት ነበርኩ አልልም። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን ራስሽን ነቅንቂ አላለኝም። ኮሙናሉ ይመለስላቸው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ይመልሱላቸው እንደሆነ፣ እሳቸውም ይፈልጉት እንደሆነ አላውቅም። እትዬ አስካለ ምናልባት ደረጃ ላይ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ይሆናል። ያዙሩብኝ። ትናንት አመሻሽ ላይ ማህሌት የጋሽ ሸምሱን በር አንኳክታ «እንደምን አመሹ» ስትላቸው ከላይ ሰማሁ። እሳቸውም «ማሂዬ!» አሉ፣ እንደ ድሮው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነበር።

እሁድ ስብሰባ አለ። ሰብሳቢው ያው የድሮው ነው፤ ወንበሮቹም ያው ናቸው። ማህሌት አጠገቤ ትቆማለች። እውነት ነው ወይ ብሎ እስኪጠይቀኝ አልጠብቅም፤ ራሴንም አልነቀንቅም። ተነስቼ፣ ድምፄ ከኋላ ለተቀመጡት ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ፣ የሽሮን ጥፍር የቆረጥኩት እኔ ነኝ እላለሁ።