ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል

ነገሩ በድምሩ ያስከፈለኝ ጥሩ ማርና ገበያ ላይ የሚረታኝ አንድ ሰው ነው። ሰውየው ራሳቸው ከእኔ የበለጠ ከፍለዋል።

ባጃጅ እንጅባራ ገና በገባበት ሰሞን ነው። ሱቄ ከሚኒባስ መቆሚያው ፊት ለፊት ስለነበር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ማስታወቂያውን የሚለጥፈው እኔ በር ላይ ነበር። ኪራይ የከፈለኝ ግን የለም። ሰው ይመጣል፣ ቆሞ ያነባል፤ ከዚያ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ «ምን ይላል?» ይለኛል። ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም ጥያቄያቸው አንድ ነው። እኔ የተማርኩት መንገድ ላይ ነው፤ የቢሮ አማርኛ ግን ከነጋዴ አማርኛ ብዙ አይርቅም፤ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ይደብቃል። ስለዚህ እፈታላቸው ነበር። «በቅርቡ» ካለ አትጠብቁ። «ባለድርሻ አካላት» ካለ እናንተን አይደለም። «ኅብረተሰቡ» ካለ እናንተን ነው፤ ኪሳችሁን ያዙ። ሰሚው ይስቃል፤ እየሳቀም ስኳር ይገዛል። አልከሰርኩም።

ማር የሚያመጡልኝ ሽማግሌ ከከተማው ዳር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ቀፎ የሚሰቅሉት እዚያው ጓሯቸው ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ ነው። ባልዲያቸውን ደጃፌ ላይ አኑረው ይቀመጣሉ። ዋጋ እጠራለሁ፤ ዝም። እጨምራለሁ፤ ዝም። ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ መንገዱን ያያሉ። ሌላ ነጋዴ ብቅ ሲል እደነግጥና እንደገና እጨምራለሁ። ያን ጊዜ «በል መዝን» ይላሉ። ያን ሁሉ ዓመት ስንገበያይ አንድ ቀን አልረታኋቸውም።

አንድ የገበያ ቀን ከተማው ወደ እሳቸው መንደር እንደሚሰፋ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የልማትን ጥቅም በረጅሙ ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ በካሳ ግምቱ ቅሬታ ያለው ባለይዞታ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ በአካል ቀርቦ ካላመለከተ እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል።

«ምን ይላል?» አሉኝ፣ ባልዲውን ሳያወርዱ።

«አባባ፣ መሬትዎን ሊወስዱ ነው። የሚከፍሉትንም ራሳቸው ቆርጠዋል። አነሰኝ የሚል ሄዶ ይናገር፤ ዝም ያለ ተስማምቷል ነው የሚለው።»

ሳቁ። «ይህን የጻፈው ሰው ገበያ ወጥቶ ያውቃል? ዝም ያለ እኮ እንቢ ያለ ነው።»

«እሱ በእኔ ደጃፍ ነው፣ አባባ። በእነሱ ደጃፍ አይደለም።»

«ሄጄ አነሰኝ ካልኩማ ልሸጥ ተነስቻለሁ ማለት ነው። ዝም ስላቸው ራሳቸው ይመጣሉ።»

በማውቃት አገውኛም ደገምኩላቸው። አማርኛው መጀመሪያውኑ ገብቷቸው ነበርና ትርፉ ድካም ሆነ። ማመልከቻ ላጽፍልዎ፣ የባጃጁንም እኔ ልክፈል አልኳቸው። ነገሩን ያበላሸችው ይህች ናት። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ ነጋዴ፣ መቼ ከፍለህልኝ ታውቃለህ? ምን ላገኝ ብለህ ነው?»

ምንም የማገኘው አልነበረም፤ ይህን ግን ሌላ ነጋዴ ቢነግረኝ እኔም አላምነውም።

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ወረቀቱን ገርመም አድርገው ያልፋሉ። «አልመጡም?» እላቸዋለሁ። «ይመጣሉ» ይሉኛል።

መጡ። ሜትርና ችካል ይዘው መጡ። ያኔ ሽማግሌው ሱቄ ድረስ መጥተው ጠሩኝና አብረን ወደ ቢሮው ሄድን። ባጃጁን የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ ወንበር ሳበላቸው።

«አባባ፣ ጊዜው አልፏል። ቅሬታ አላቀረቡም፤ ስለዚህ ተስማምተዋል።»

«መቼ ተናገርኩና?»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት፤ አልተናገሩም።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። መንገዱን ለማየት ዞር አሉ፤ መስኮቱ ተጋርዷል። ዝም አሉ። ልጁ ዋጋ ይጨምር ይሆን ብዬ ጠበቅኩ፤ ለምጄ ነው። ልጁ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

የተቆረጠላቸውን ተቀብለው ጥሊሊ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ማር አሁን የምገዛው ዳንግላ ካለ ነጋዴ ነው። አውርቶ አይጠግብም። ማሩ ስኳር ስኳር ይላል፤ ስኳሩንም ከእኔው ሳይገዛ አልቀረም። ሰዎች በር ላይ ቆመው «ምን ይላል?» ሲሉኝ «የተጻፈውን» እላለሁ።

ሒሳቡ ይኸው ነው፤ መሬቱ የከተማው ሆኗል፣ ዛፉ ተቆርጧል፣ ወረቀቱ እኔ በር ላይ አለ።